ዜና መዋዕል ላልተጻፈላቸው ሰዎች፤ ስለምንወዳቸው አራት ፊልሞች

የጥንቱ የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ ብዕሩን ሲያነሣ የሚጽፈው የንጉሡን ውሎ፥ የጦር አበጋዙን ድልና የጳጳሱን ቡራኬ ነበር። በዚያው ዕለት ከሰፈሩ ዳርቻ የእርሻ በሬው የሞተበት ገበሬ፥ ልጇ በንዳድ የተያዘባት እናት፥ ከዳኛ ደጅ ሦስት ወር ሙሉ የቆመው ባለጕዳይ በብራናው ላይ ስፍራ አልነበራቸውም። ይህም የሀገራችን ብቻ ልማድ አይደለም። በሌላውም ዓለም የነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ብራና ውድ ነው፤ የጸሐፊም ዕድሜ አጭር ነው፤ ስለዚህ የታላላቆቹ ስም ተጽፎ ሲቀር የቀረው ሕዝብ ስሙም ድምፁም አብሮት ወደ አፈር ተመለሰ።

በዚህ ጽሑፍ ስለ አራት የሲኒማ ሥራዎች ልንናገር አስበናል። አራቱም ካየናቸው ፊልሞች ሁሉ አብልጠን የምንወዳቸው ናቸው። የሲኒማ ወዳጅ የሆነ ሰው «ይህን ፊልም ስለ ምን ወደድኸው?» ተብሎ ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው «ደስ ስላለኝ ነው» ብሎ ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በቂ አይደለም። ደስታው ከወዴት እንደ መጣ መመርመር ያስፈልጋል። እኛም ይህን ስንመረምር አራቱ ፊልሞች በቋንቋ፥ በሀገርና በዘመን የተለያዩ ሲሆኑ በአንድ ነገር እንደሚገናኙ ተረዳን። ይኸውም እያንዳንዳቸው ታሪክ ጸሐፊ ያላገኘውን ሰው መርጠው፥ ከእርሱም ንብረት ወይም ምኞት አንዲት ትንሽ ነገር ወስደው፥ ያችን ትንሽ ነገር እንደ መንግሥት ጕዳይ አክብደው መጻፋቸው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዓመተ ምሕረት «በእኛ አቈጣጠር» ካልተባለ በቀር እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

እንደሚታወቀው በፓሪስ ከተማ ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ዓ.ም. የሉሚዬር ወንድማማቾች በአንድ ቡና ቤት ምድር ቤት ውስጥ ገንዘብ ለከፈሉ ጥቂት ሰዎች ተንቀሳቃሽ ሥዕል አሳዩ። በዚያ ዕለት ከታዩት ዐሥር አጫጭር ፊልሞች መካከል አንዱ በሊዮን ከተማ ከወንድማማቾቹ ፋብሪካ በር የሚወጡትን ሠራተኞች የሚያሳይ ነበር። ርዝመቱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በሩ ይከፈታል፤ ሴቶችና ወንዶች ሠራተኞች ወጥተው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይበተናሉ፤ አለቀ። ከነዚያ ሠራተኞች የአንዳቸውንም ስም ተመልካቹ አያውቀውም፤ አካሄዳቸው ግን ዛሬም ድረስ ይታያል። ስለዚህ የሲኒማ መሣሪያ ገና ከመወለዱ ዐይኑን የጣለው በነገሥታት ላይ ሳይሆን ከሥራ ወጥተው ወደ ቤታቸው በሚሄዱ ሰዎች ላይ ነበር ለማለት ይቻላል።

ይህ ጥበብ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ሥዕሉ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ዛሬ ይህን ስም ስንሰማ ፈገግ እንላለን። ነገር ግን በጨለማ ቤት ውስጥ በግድግዳ ላይ የሚራመድ ጥላ መልካምም ክፉም ሊናገር እንደሚችል መጠርጠሩ ከንቱ ፍርሃት አልነበረም። ይህን ለመረዳት ከኢትዮጵያ በላይ ምስክር የሚሆን ሀገር ጥቂት ነው። የፋሽስት መንግሥት በ1924 ዓ.ም. ሉቼ የተባለውን የፊልም ድርጅት አቋቁሞ ነበርና በ1935 ዓ.ም. ሀገራችንን ሲወር ከጦሩ ጋር የፊልም አንሺዎችንም ላከ። በነዚያ ፊልሞች ውስጥ ወራሪው መንገድ ሠሪና ሥልጣኔ አምጪ ሆኖ ይታያል፤ በመርዝ ጢስ የተቃጠለው ገበሬና እረኛ ግን በሥዕሉ ውስጥ የለም። በ1937 ዓ.ም. በሮማ ዳርቻ ቺኔቺታ የተባለው ታላቁ የፊልም መሥሪያ ተከፈተ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በኢትዮጵያ ላይ የተደረገውን ጦርነት የሚያወድሰው «ሉቻኖ ሴራ ፒሎታ» የተባለው ፊልም በቬኒስ የፊልም ውድድር በሙሶሊኒ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ከሌላ ፊልም ጋር ተካፈለ። እንግዲህ ካሜራ ራሱ ጻድቅም ኃጥእም አይደለም፤ ማንን አሳይቶ ማንን እንደሚሰውር የሚወስነው ከበስተኋላው የቆመው ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ያስቀደምነው ከአራቱ ፊልሞች የመጀመሪያው ከዚያችው ከኢጣልያ የመጣ ስለሆነ ነው። የፊልሙ ስም «የብስክሌት ሌቦች» ሲሆን በ1948 ዓ.ም. የሠራው ቪቶርዮ ዴ ሲካ ነው። ዴ ሲካ ከጦርነቱ በፊት በቀልድና በፍቅር ፊልሞች የታወቀ መልከ መልካም ተዋናይ ነበር። ጦርነቱ አልቆ ሀገሩ ተሸንፋ፥ ከተሞቿ ፈርሰው፥ ሥራ ፈት በየአደባባዩ በተሰበሰበ ጊዜ ግን ቼዛሬ ዛቫቲኒ ከተባለው ጸሐፊ ጋር ሆኖ ካሜራውን ወደ ጎዳና አወጣው።

ታሪኩ በጣም አጭር ነው። አንቶኒዮ ሪቺ የሚባል ድሀ የሮማ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ከኖረ በኋላ ማስታወቂያ በግድግዳ ላይ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ የእርሱ ብስክሌት ደግሞ በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን ገፍፋ ታጥባለች፤ አስይዛም ብስክሌቱን ታስለቅቃለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን አንቶኒዮ የአንዲት ዝነኛ የአሜሪካ የፊልም ተዋናይት ሥዕል በመለጠፍ ላይ ሳለ ሌባ ብስክሌቱን ይዞበት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ፊልም አባትና ትንሽ ልጁ ብሩኖ በሮማ ከተማ ብስክሌት ሲፈልጉ የሚውሉበት ነው።

ይህን ፊልም የምንወድበት ዋናው ምክንያት በአንሶላዎቹ ነገር ይገለጻል። የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ የተቀበለውን የአንሶላ እስር ተሸክሞ በመደርደሪያው ላይ ሲወጣ ካሜራው ይከተለዋል። መደርደሪያው እስከ ጣሪያው ድረስ በሌሎች ሰዎች አንሶላ የተሞላ ነው። አንዲትም ቃል ሳይነገር በሮማ ስንት ቤተሰብ ያለ አንሶላ እንደሚተኛ እናውቃለን። ይህን በአኀዝ የሚገልጽ የመንግሥት ዘገባ ቢጻፍ ብዙ ገጽ ይፈጃል፤ አንባቢውም ጥቂት ነው። ዴ ሲካ ግን በጥቂት ሰከንዶች አስነበበው።

በፍጻሜው አንቶኒዮ ተስፋ ቈርጦ እርሱ ራሱ የሌላ ሰው ብስክሌት ይሰርቃል፤ ወዲያውም ይያዛል። ልጁ እያለቀሰ በሰው መካከል ሲጋፋ ባለብስክሌቱ ያየዋል፤ ስለ ልጁም ሲል ክሱን ይተዋል። አባትና ልጅ ተያይዘው በሕዝቡ መካከል ይጠፋሉ። የፊልሙ ፍርድ ይህ ነው፤ ሕግ ጥፋቱን ያያል፤ ባለብስክሌቱ ግን ልጁን አየ። ከወራሪው ሀገር የመጣ ሥራ የኢትዮጵያን ሰው ልብ እንዴት ሊነካ ቻለ ቢባል መልሳችን ይህ ነው። በ1935 ዓ.ም. የመጣው ካሜራ ገበሬያችንን ሊያይ አልወደደም ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. የተነሣው ካሜራ ግን ድሀን ማየት ተምሮ ነበር። ሕዝብ ከመንግሥቱ ኃጢአት የሚነጻበት አንዱ መንገድ ይህ ይመስለናል።

አንድ አሜሪካዊ ባለገንዘብ ኬሪ ግራንት የተባለው ዝነኛ ተዋናይ የአንቶኒዮን ቦታ እንዲይዝ ቢደረግ ወጪውን እሸፍናለሁ ብሎ ነበር ይባላል። ዴ ሲካ ግን ላምቤርቶ ማጆራኒ የተባለ የፋብሪካ ሠራተኛ መረጠ። ማጆራኒ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ፤ ጥቂት ቈይቶም ከሥራው ተሰናበተ። ዓለም ሁሉ መልኩን አውቆት ሳለ እርሱ ሥራ ፈላጊ ሆነ። ይህን መሰወር አይገባም፤ ዜና መዋዕል ስምን ያቈያል እንጂ እንጀራ አይሰጥምና።

ይህ ፊልም በሮማ ተወስኖ አልቀረም። በ1950 ዓ.ም. በካልከታ ከተማ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ በሠዓሊነት የሚያገለግል ሳትያጂት ራይ የተባለ ወጣት መሥሪያ ቤቱ ወደ ለንደን ላከው። በዚያ በቈየባቸው ወራት መቶ ያህል ፊልሞችን አየ፤ ከነዚያም አንዱ «የብስክሌት ሌቦች» ነበር። ያለ ዝነኛ ተዋናይ፥ ያለ ታላቅ ስቱዲዮ፥ በእውነተኛ መንደር ውስጥ ፊልም ሊሠራ እንደሚቻል ያን ጊዜ ቈርጦ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። የመረጠውም ታሪክ በቤንጋል ቋንቋ ከታወቁት ልብ ወለዶች አንዱ የሆነው የቢቡቲቡሻን ባንድዮፓድያይ «ፓተር ፓንቻሊ» ነው። ትርጓሜው የትንሿ መንገድ መዝሙር እንደ ማለት ነው።

የዚህ ፊልም አሠራር ራሱ አንድ ታሪክ ነው። ራይ ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም፤ ካሜራ የሚያነሣለት ሱብራታ ሚትራ የተባለውም የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ተንቀሳቃሽ ሥዕል አንሥቶ አያውቅም ነበር። በ1952 ዓ.ም. መጨረሻ እኅትና ወንድም በነጭ አበባ በተሞላ ሜዳ ላይ የሚሮጡበትን ክፍል ጀመሩ። ሥራቸውን ለመቀጠል ከሳምንት በኋላ ቢመለሱ ከብቶች አበባውን በሙሉ በልተውት አገኙት። አበባው እንደ ገና እስኪያብብ አንድ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነ። ገንዘብም አለቀ፤ የሚስቱ ጌጥ በመያዣ ተያዘ። በሮማው ፊልም ውስጥ አንሶላ የተያዘበትን ነገር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ያስደንቀዋል።

በመጨረሻ የደረሰለት የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ነው። ነገር ግን በመንግሥቱ መዝገብ ለፊልም የሚሆን ርእስ ስላልነበረ፥ የፊልሙም ስም የመንገድ መዝሙር ስለሆነ፥ ገንዘቡ ለመንገድ ማሻሻያ የወጣ ሆኖ ተመዘገበ ይባላል። በቢሮ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ስንሰማ መሣቃችን አይቀርም፤ ሆኖም በጥሞና ካሰብነው ጸሐፊው የተሳሳተ አይመስለንም። ያ ገንዘብ ከአንዲት የቤንጋል መንደር ተነሥቶ እስከ ዓለም ዳርቻ የሚደርስ መንገድ ከፍቷልና። ፊልሙ በ1955 ዓ.ም. ታየ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ በካን የፊልም ውድድር ስለ ሰው ልጅ የሚመሰክር ብልጫ ያለው ሥራ ተብሎ ተሸለመ።

በዚህ ፊልም ውስጥ የምንወዳት ትንሽ ነገር አንዲት የአንገት ዶቃ ናት። ዱርጋ የተባለችው ልጅ የጎረቤትን ዶቃ ሰርቀሻል ተብላ ትከሰሳለች፤ አልሰረቅሁም ትላለች፤ እናቷም ከኀፍረት የተነሣ ትመታታለች። በኋላ ዱርጋ ዝናም መትቷት በትኵሳት ትሞታለች። አባቷ በሩቅ ሀገር ሥራ ሲፈልግ ቈይቶ የልጁን መሞት ሳያውቅ ልብስ ገዝቶላት ይመጣል። እናት ያን ልብስ ተቀብላ ስትጮኽ ድምፅዋ አይሰማም፤ በስፍራው የሚሰማው የሙዚቃ መሣሪያ ዋይታ ነው። ቤተሰቡ መንደሩን ለቆ ሊሄድ ዕቃውን ሲያሰናዳ ትንሹ ወንድሟ አፑ ከመደርደሪያ ላይ ያችን ዶቃ ያገኛል። ማንም ሳያይ ወደ ኩሬ ወስዶ ይወረውራታል። በውሃው ላይ የሰፈረው አረም ይከፈታል፤ ቀስ ብሎም ተመልሶ ይገጥማል።

አንድ ሕፃን የሞተች እኅቱን ስም ለመጠበቅ ያደረገውን ይህን ሥራ የትኛው ታሪክ ጸሐፊ ሊጽፈው ይችል ነበር? ምስክር የለውም፤ ደብዳቤ የለውም፤ ኩሬውም አይናገርም። ፊልም ግን አየው፤ እኛም አየነው፤ ምስጢሩንም ከአፑ ጋር ጠባቂዎች ሆንን። በዚህ ላይ ፊልሙ ኀዘን ብቻ አይደለም። የጣፋጭ ሻጩ ዘንቢሉን ተሸክሞ፥ ልጆቹ ተከትለውት፥ ውሻውም ልጆቹን ተከትሎ በኩሬው ዳር ሲሄዱ ጥላቸው በውሃው ላይ ይታያል። ገንዘብ የላቸውም፤ ይከተሉታል ግን። ድሀን የሚያሳዝን ብቻ አድርጎ መጻፍ ግማሽ ውሸት ነው፤ ድሀም ይሥቃልና።

የቤንጋል መንግሥት ጽሕፈት ቤት ለአንድ ጊዜ መልካም ሠርቷል ብለናል። ሦስተኛው ፊልም ደግሞ በቀጥታ ስለ መንግሥት ጽሕፈት ቤት የሚናገር ስለሆነ፥ ይህን መጽሔት ከሚያነቡት ከብዙዎቹ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ይኸውም አኪራ ኩሮሳዋ በ1952 ዓ.ም. በጃፓን የሠራው «ኢኪሩ» የተባለው ነው፤ ትርጓሜው «መኖር» ማለት ነው። በዚያው ዓመት በአፕሪል ወር የአሜሪካ ጦር በጃፓን ላይ የነበረው የበላይ አስተዳደር አብቅቶ ነበር። ከሽንፈት የተነሣው ሕዝብ እንደ ገና ራሱን በራሱ ማስተዳደር ሲጀምር ኩሮሳዋ ያቀረበለት ጥያቄ «ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ በእውነት ይሠራልን?» የሚል ነበር።

ዋታናቤ በከተማው አስተዳደር የአንድ ክፍል ሹም ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ከሥራው ሳይቀር ማኅተሙን በወረቀት ላይ ሲያሳርፍ ኖሯል፤ ከጠረጴዛው ላይ የተከመረው መዝገብ ራሱን ይጋርደዋል። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ የድሀ ሰፈር እናቶች አቤቱታ ይዘው ይመጣሉ። በሰፈራቸው የተጠራቀመው ቈሻሻ ውሃ ልጆቻቸውን እያሳመመ ስለሆነ ተደፍኖ የልጆች መጫወቻ እንዲሆን ይለምናሉ። የዋታናቤ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ይልካቸዋል፤ ያም ወደ ጤና፥ ጤናም ወደ ሌላው፥ እርሱም ወደ ሌላው እየላከ በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው መስኮት ይመለሳሉ። ይህን ነገር እኛ በአማርኛ «ደጅ ጥናት» እንለዋለን፤ «ዛሬ ሂድ ነገ ና» የሚለውም ቃል በየቤቱ የታወቀ ነው። ኩሮሳዋ አማርኛ አያውቅም ነበር፤ ደጅ ጥናትን ግን አሳምሮ ያውቀዋል።

ዋታናቤ በጨጓራው ነቀርሳ እንደ ያዘውና ጥቂት ወራት ብቻ እንደ ቀሩት ይረዳል። በመጀመሪያ በመሸታ ቤትና በጭፈራ ሊረሳው ይሞክራል፤ አልሆነለትም። ከመሥሪያ ቤቱ ሥራዋን ለቃ የሄደች አንዲት ወጣት በአሻንጉሊት ፋብሪካ ተቀጥራ ጥንቸል ትሠራለች። ይህን በመሥራቷ ከጃፓን ሕፃናት ሁሉ ጋር የምትጫወት እንደሚመስላት ትነግረዋለች። ዋታናቤ ከዚያ ቅጽበት በኋላ ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል፤ ከመዝገቡ ክምር ውስጥ የእናቶቹን አቤቱታ ያወጣል፤ በዝናም ወጥቶም ቦታውን ለማየት ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ፊልሙን ከሌሎች ሁሉ የሚለየው ነው። ተመልካቹ የዋታናቤን ትግል በቅደም ተከተል ለማየት ሲጠባበቅ ፊልሙ በድንገት ወደ ለቅሶ ቤት ይሻገራል፤ ሰውዬው ሞቷል። መጫወቻው ግን ተሠርቷል። የከተማው ሹማምንት በለቅሶው ተቀምጠው ምስጋናውን ለራሳቸው ሲከፋፈሉ የሰፈሩ እናቶች ይገባሉ፤ በሥዕሉ ፊትም ተንበርክከው ያለቅሳሉ። ሹማምንቱ ዐፍረው ይወጣሉ። የቀሩት ባልደረቦች እየጠጡ ጥቂት በጥቂት የሰውዬውን ሥራ ያስታውሳሉ፤ በየክፍሉ እንዴት እየሰገደ እንደ ለመነ፥ ሲሰድቡት እንዴት እንደ ታገሠ ይነጋገራሉ። አንድ ፖሊስም በበረዶ ምሽት በመጫወቻው ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ እየዘፈነ አይቶት እንደ ነበር ይመሰክራል። ሰካራሞቹ ባልደረቦች «እኛም እንደ እርሱ እንሠራለን» ብለው ይምላሉ። በማግሥቱ አንድ ባለጕዳይ ይመጣል፤ አዲሱም ሹም ወደ ሌላ ክፍል ይልከዋል። አንድ ወጣት ጸሐፊ ተቈጥቶ ይነሣል፤ ማንም ስላልተከተለው መልሶ ይቀመጣል፤ የመዝገቡም ክምር ይጋርደዋል።

ኩሮሳዋ ይህን ሲያደርግ ለተመልካቹ የማይዋሽ ሰው መሆኑን አሳየ። አንድ ሰው በመልካም ስለ ሞተ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይለወጣል ብሎ አልሰበከም። የሰጠን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆች የሚጫወቱበት አንድ ሜዳ። ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ዕድሜ ይህ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ፍርድ ለእኛ ተወው። እኛም ፊልሙን ባሰብነው ቍጥር የምንጠይቀው ጥያቄ ከጠረጴዛችን ላይ ከተከመረው ወረቀት በታች የማን አቤቱታ እንደ ተኛ ነው። ፊልም ሰውን የሚያስተምረው በዚህ ዐይነት ነው፤ በጣት ሳይጠቍም ያስጠይቃል።

አራተኛው ፊልም የሀገራችን ልጅ የሠሩት ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1946 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ፤ አባታቸው ቴአትር የሚጽፉና የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄደው በመጀመሪያ ቴአትር፥ በኋላም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ ፊልም ተማሩ። ገና ተማሪ ሳሉ በ1974 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም አነሡ። ሥዕሉ ጥቍርና ነጭ ነው፤ ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ተዋንያኑም በሙያው ያልሠለጠኑ፥ እርሻን ከቴአትር አስቀድመው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ታሪኩ በአንድ ባለርስት መሬት ላይ የሚኖረውን የጭሰኛ ቤተሰብ ኑሮ ይከተላል። ጎሕ ሲቀድ ይነሣሉ፤ ይጸልያሉ፤ በሬ ይጠምዳሉ። ባለርስቱ ከበላያቸው ተቀምጦ ያዝዛል፤ ይሳደባል። መሬቱን ያጣው፥ ሰዎችም እንደ ዕብድ የሚያዩት ከበበ የተባለው ሰው ሌላው በሆዱ የያዘውን እውነት በአደባባይ ይናገራል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚፈጅና ቀስ ብሎ ስለሚሄድ፥ ተኵስና ሩጫ የለመደ ተመልካች ይሰለቸው ይሆናል። እኛ ግን የምንወደው ስለዚህ ዝግታው ነው። ሞፈርና ቀንበር የሚሄዱበትን ፍጥነት ከራሱ ከበሬው በቀር ማን ያዛል? ገበሬው ትልሙን ይዞ ሲሄድ፥ ዞሮ ሲመለስ፥ እንደ ገና ሲሄድ በማየት የሦስት ሺህ ዓመት ድካም ምን ማለት እንደሆነ በዐይናችን ብቻ ሳይሆን በጕልበታችንም የሚሰማን ይመስለናል።

የዚህ ፊልም የታሪክ ዋጋ ደግሞ ከጊዜው የተነሣ እጅግ ከፍ ያለ ነው። ፊልሙ በተነሣበት ዓመት ሀገሪቱ በለውጥ ትናወጥ ነበር። በእኛ አቈጣጠር መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ የካቲት 25 ቀን በዚያው ዓመት የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ ጭሰኝነትም በሕግ ተሻረ። እንግዲህ ካሜራው የደረሰው ያ የኖረ ሥርዓት ሊያበቃ ወራት ብቻ ሲቀሩት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የራሱን መከራ ይዞ መጥቷል፤ ያም ሌላ ጽሑፍ የሚሻ ነገር ነው። ነገር ግን ጭሰኛው ለባለርስቱ እንዴት እንደ ሰገደ፥ ፊቱ ምን ይመስል እንደ ነበር፥ ከአዋጁም ከመጽሐፉም የማይገኘው ነገር በዚህ ፊልም ላይ ቀርቷል። ሦስት ሺህ ዓመት ሙሉ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ያላለፈበት ደጅ በመጨረሻው ሰዓት ጸሐፊ አገኘ።

አንዳንድ ሰው «ፊልም መዝናኛ ነው፤ ከሥራ ደክሞ የመጣ ሰው ስለ ድሀ ኀዘን ሊያይ ለምን ገንዘብ ይከፍላል?» ሊል ይችላል። ይህ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። እኛም ሣቅና ዘፈን ያለበትን ፊልም አንጠላም። ነገር ግን በመዝናናትና በመርሳት መካከል ልዩነት አለ። የሚያስረሳ ፊልም ከቤቱ ስንወጣ እርሱም አብሮ ይረሳል። እነዚህ አራቱ ግን ከወጣን በኋላ ይከተሉናል፤ በመንገድ ላይ ብስክሌት ቆሞ ስናይ፥ ሕፃን በዶቃ ሲጫወት ስናይ፥ ባለጕዳይ በመስኮት ሲቆም ስናይ፥ በሬ ሲጠመድ ስናይ እንደ ገና ይጀምራሉ። ደስታቸውም ከዚህ የመጣ ነው። ዐይን ያያል፤ ልብ ይፈርዳል እንደሚባለው፥ ዐይናችንን አሠልጥነው ለልባችን ሥራ ይሰጡታል።

ዜና መዋዕል ግን ካልተጠበቀ ይጠፋል። ብራና በምስጥና በእሳት እንደሚጠፋ ሁሉ ፊልምም ይበላሻል፤ ይቃጠላልም። የ«ፓተር ፓንቻሊ» ዋናው ቅጅ በ1993 ዓ.ም. በለንደን በተነሣ የእሳት አደጋ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ በኢጣልያ በቦሎኛ ከተማ ባለሙያዎች የተቃጠለውን ጥቅል በእጃቸው አፍታትተውና ጠግነው፥ የጎደለውን ከሌላ ቅጅ ሞልተው በ2015 ዓ.ም. እንደ ገና ለመታየት አበቁት። ከሮማ ጎዳና ተነሥቶ አንድ ቤንጋላዊን ያስተማረ ጥበብ፥ የቤንጋላዊው ሥራ በተቃጠለ ጊዜ ከኢጣልያ እጅ ተመልሶ ዳነ። ይህን የመሰለ የብድር አመላለስ በነገሥታት ታሪክ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

ስለዚህ መምህራን ታሪክ ሲያስተምሩ የጦርነቱን ቀንና የአዋጁን ቍጥር ካስጠኑ በኋላ፥ በዚያው ዘመን የኖረ አንድ ተራ ሰው ምን ይዞ ምን እንዳጣ ተማሪው እንዲጠይቅ ቢያደርጉ፥ ለዚህም ፊልምን እንደ መጽሐፍ ቢገልጡለት መልካም ይመስለናል። የመዝገብና የቅርስ ጠባቂዎችም በየሣጥኑ የተቀመጠውን የሀገራችንን የፊልም ጥቅል እንደ ብራና መጽሐፍ ቢያከብሩት፥ የልጅ ልጆቻችን የአያቶቻቸውን አካሄድ ሊያዩ ይችላሉ። እኛ በቢሮ የምንውለው ደግሞ ካሜራ ባንይዝም ብዕርና ማኅተም ይዘናል። አንድ አቤቱታ በፊታችን ሲቀርብ ከወረቀቱ ጀርባ አንሶላዋን ያስያዘች ሚስት፥ ልጇን ለማዳን ሜዳ የምትለምን እናት ልትኖር እንደምትችል ብናስብ፥ ታሪክ ጸሐፊ ላላገኘው ሰው ቢያንስ አንድ አንባቢ እንሆንለታለን።